የአያ ጥምጣምና ሰፊው ስክሪን

«አንተ ልጅ፣ አያን የት አደረስካቸው?»

እናቴ ይህን ያለችኝ ከአዲሱ ቴሌቪዥን ፊት ቆማ፣ የነጠላዋን ጫፍ በአንድ እጇ ይዛ፣ ወደ እኔ ሳትዞር ነው። መልስ አልነበረኝም። የት እንዳደረስኳቸው ግን በትክክል አውቅ ነበር።

በ1993 ዓ.ም. እህቴ ደሴ ውስጥ ስትዳር የተቀረጸ አንድ የቪዲዮ ካሴት አለን። ለዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በአሮጌ ሻሽ ተጠቅልሎ ኖሯል። ዴኩ ተበላሽቶ ስለተጣለ ማንም አያየውም፤ ሆኖም ቤት ሲጸዳ መጀመሪያ ከአቧራ የሚሸሸው እሱ ነው። በ2011 ለእናቴ 43 ኢንች ፍላት ቴሌቪዥን ገዛሁላት። ሥራዬ ሰርግ መቅረጽ ነው። ስለዚህ ስጦታው ሙሉ ይሁን ብዬ ዴክ ከወዳጄ ተውሼ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። ቀለሙን አቃናሁ፣ የድምፁን ሽውታ ቀነስኩ። በመጨረሻ ምስሉ አዲሱን ስክሪን ዳር እስከ ዳር እንዲሞላ አድርጌ፣ በፍላሽ ይዤ፣ ኮራ ብዬ ገባሁ። ጉዱ የመጣው በዚህ በመጨረሻው ነው።

አያ የምንላቸው የእናቴን ታላቅ ወንድም ነው። መለሎ ነበሩ፤ ጥምጣማቸው ሲጨመርበት የኛን ቤት በር ጎንበስ ሳይሉ አያልፉም። በሰርጉ ቀን ከሙሽሮቹ ጀርባ ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። በ2008 አረፉ። ፎቶ መነሣት አይወዱም ነበር፤ ሲናገሩና ሲንቀሳቀሱ የሚታዩበት ነገር ያ ካሴት ብቻ ነው። እኔ በሠራሁት ፋይል ላይ ድምፃቸው አለ። የተዘረጋው እጃቸው አለ። ነጭ ጋቢያቸው አለ፣ ጢማቸውም አለ፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ዓይናቸውና ጥምጣማቸው የሉም። ከስክሪኑ በላይ ቀርተዋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የድሮው ካሴት ወርዱ አራት እጅ፣ ቁመቱ ሦስት እጅ ነው። አዲሱ ስክሪን አሥራ ስድስት በዘጠኝ። ሁለቱን ለማገናኘት ያለው መንገድ ከሦስት አያልፍም። አንዱ መለጠጥ ነው፤ ቁመቱ ባለበት ሆኖ ወርዱ በሲሶ ይጨምራል፣ ሙሽራዋም በሲሶ ትወፍራለች፣ ክቡ መሶብ እንቁላል ይሆናል። ሌላው ማሳደግ ነው፤ ምስሉ ወርዱን እስኪሞላ ይተልቅና ከላይ አንድ ስምንተኛ፣ ከታች አንድ ስምንተኛ ይቆረጣል። የቀረው መተው ነው፤ ምስሉ መሀል ላይ እንዳለ ይቆማል፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። መለጠጡን እንደ ባለሙያ እንቀዋለሁ (ቤታችሁ ሰው ሁሉ ወፍሮ የሚታይ ከሆነ ሪሞቱ ላይ አንዲት ቁልፍ አለች፤ እባካችሁ ፈልጓት)። ጥቁሩን ደግሞ ፈራሁት። እናቴ «ይሄን ሁሉ ብር አውጥተህ ጎኑ የማይሠራ ገዛህልኝ?» ትላለች ብዬ። ማሳደጉን መረጥኩ። አያ የነበሩት በላይኛዋ አንድ ስምንተኛ ውስጥ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ቅርጽ ነገር ማሰብ አልተውኩም። በካሜራ እንጀራ መብላት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ቢቃረብም፣ ክፈፉ ለምን እንዲህ እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አራት ለሦስትን ማንም ለውበቱ ብሎ የመረጠው አይመስለኝም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. ነው፤ የፈረንጁን ታሪክ በፈረንጁ ቁጥር ልተወው) በኤዲሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ዲክሰን የፊልም አምራቹን የኢስትማንን 70 ሚሊሜትር ፊልም ለሁለት ሰንጥቆ 35 ሚሊሜትር አደረገው። ለእያንዳንዱ ምስል በየጎኑ አራት አራት ቀዳዳ መደበ። በቀዳዳዎቹ መሀል የተረፈው ቦታ ወርዱ አራት፣ ቁመቱ ሦስት ሆነ። ድምፅ ሲመጣ የድምፁ መስመር ከፊልሙ ጠርዝ ቦታ ስለተሻማ ምስሉ ጭራሽ ወደ ካሬ ተጠጋ፤ በ1932 የአሜሪካው የፊልም አካዳሚ 1.37 ለ 1 (ቁመቱ አንድ ሲሆን ወርዱ 1.37) ብሎ ወደ ቀድሞው ቅርጽ አቅራቢያ መለሰው። ቴሌቪዥንም ይህንኑ ወረሰ። አገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲገባ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ባለቀለም ሲሆን፣ ሳጥኑ ያው የዲክሰን ሳጥን ነው።

ሰፊው ስክሪን የተወለደው ከገበያ ጭንቀት ነው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን በየሳሎኑ ሲገባ ሲኒማ ቤቶች ሰው አጡ፤ ሳሎን ውስጥ የማይገባ ነገር ማምጣት ነበረባቸው። በ1952 ሲኔራማ ኒውዮርክ ላይ ተከፈተ፤ ሦስት ፕሮጀክተር ጎን ለጎን፣ 146 ዲግሪ የተጠማዘዘ ስክሪን። ምስሎቹ የሚገናኙበት ስፌት ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። በዓመቱ ፎክስ የተባለው የፊልም ኩባንያ በአንድ ፕሮጀክተር የሚሠራ ሲኒማስኮፕ የሚባል ነገር ይዞ መጣ። ሌንሱ ግን አዲስ አልነበረም፤ አንሪ ክሬትየን የተባለ ፈረንሳዊ በ1920ዎቹ ሠርቶት፣ ፈላጊ አጥቶ ሃያ አምስት ዓመት ያህል የቆየ ነው። ክሬትየን የኮከብ ሰው ነው፤ ሀብል የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ የመስታወት አሠራር እስከ ዛሬ የእሱን ስም ይዟል። ሌንሱ ሰፊውን እይታ ወደ ጎን በግማሽ ጨፍልቆ ተራው 35 ሚሊሜትር ላይ ያሳርፈዋል፤ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሌንስ መልሶ ይዘረጋዋል። ፊልሙን በእጅህ ይዘህ ብታየው ተዋናዮቹ ሁሉ እንደ ዘንግ የቀጠኑ ናቸው።

አንድ የወደድኩት ነገር፦ የመጀመሪያዎቹ ሌንሶች እንከን ነበረባቸው። ካሜራው ወደ ፊት ሲጠጋ የተዋናዩ ጉንጭ ያብጥ ነበር። ባለሙያዎቹ ያወጡለት ስም ጆሮ ደግፍ ነው። ደሴ ላይ ሪሞት በተሳሳተ ቁጥር ሙሽራዋን የሚይዛት በሽታ፣ ሆሊውድን ከያዘው ጋር አንድ ዘር መሆኑን ሳውቅ ተጽናናሁ።

ሰፊ ስክሪን የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን የነገረኝ ግን መጽሐፍ አይደለም፤ ሸዋ በር አካባቢ የነበረ ቪዲዮ ቤት ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ ብርሃን እንዳይገባ የተሰቀለ ጆንያ፣ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠች ጀርባዋ የገፋ 21 ኢንች ቴሌቪዥን። በሃምሳ ሳንቲም ሁለት ፊልም። የሚበዛው የህንድ ነው። ከማልረሳቸው ትዕይንቶች አንዱ አክተሩ ከወንድሙ ጋር የሚጣላበት ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው በግራ የአክተሩ አፍንጫ፣ በቀኝ የወንድምየው ጆሮ ነው፤ መሀል ላይ አንድ የአበባ ማስቀመጫ በሙሉ ክብሩ ተቀምጧል። ሁለቱ ይጯጯሃሉ፣ አበባው ያዳምጣል። እኛ «ካሜራማኑ ሰክሯል» ብለን ነበር የዘጋነው።

የሰከረ ሰው አልነበረም። ፊልሙ በሰፊው ተቀርጾ ወደ ካሴት ሲገለበጥ መሀሉ ብቻ ተቆርጦ ተወስዷል። የሲኒማስኮፕን 2.35 ለ 1 ወርድ ከአራት ለሦስት ሳጥን ውስጥ ቁመቱን ሞልተህ ልክተት ካልክ፣ ከመቶ አርባ ሦስቱ ውጭ ያድራል። አንዳንዱ ቦታ ሰው ተቀምጦ፣ አሁን ወደ ግራ፣ አሁን ወደ ቀኝ እያለ የትኛው ግማሽ እንደሚተርፍ ይወስናል። ዳይሬክተሩ ያላሰበው የካሜራ እንቅስቃሴ፣ ከዓመታት በኋላ፣ ፊልሙን ባልሠራ ሰው እጅ ይጨመርበታል።

አንድ ቀን ደግሞ ያ ቪዲዮ ቤት ከላይም ከታችም ጥቁር ያለበት ካሴት አመጣ። ሁካታው ተነሣ። «ግማሹን ደብቀህ ሙሉ ታስከፍላለህ?» አለ አንዱ ከኋላ። ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን ሁለት ጊዜ በጥፊ መታው፣ ገመዱን ነቀነቀው፣ በመጨረሻ የአንድ ሰሞን ተስፋ የቆረጠ ፊት ይዞ ካሴቱን አውጥቶ የተለመደውን ከተተ። እኔም ከጯኺዎቹ አንዱ ነበርኩ። በዚያ ቤት ካለፉት ፊልሞች ሁሉ ምንም ያልተደበቀበት ያ ብቻ እንደነበረ የገባኝ አድጌ፣ ካሜራ ይዤ ነው።

ነገሩ ግን «ሰፊ ደግ፣ ጠባብ ክፉ» ብሎ የሚያልቅ አይደለም። የኛ ቪዲዮ ቤት ካሴቱ እስኪነጣ ያጫወተው ሾሌ፣ በ1975 በ70 ሚሊሜትር ሰፊ ስክሪን ወጣ ተብሎ ህንድን ያናወጠው ፊልም፣ የተቀረጸው በተራው 35 ሚሊሜትር ነው። የ70 ሚሊሜትር ካሜራ ውድ ስለነበረ አራት ለሦስት ሆኖ ተቀርጾ፣ በኋላ ከላይና ከታች ተቀንሶ ወደ 2.2 ለ 1 ተለወጠ። ማለትም እኔ አያን ያደረግኩትን አድርገውታል። ልዩነቱ እነሱ ሲቀርጹ አውቀውታል። እንዲህ የሚሠራ ሰው በካሜራው መመልከቻ ላይ የሚቆረጠውን ቦታ አስምሮ፣ ማንንም ጥምጣም ከመስመሩ በላይ ሳያስቀር ነው የሚቀርጸው። በ1993 ዓ.ም. የኛን ሰርግ የቀረጸው ሰው ግን ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ የሙሽራዋ ወንድም መቀስ ይዞ እንደሚመጣ በምን ያውቃል?

ዛሬ ሳሎናችን ያለው አሥራ ስድስት በዘጠኝ የሽማግሌ ፍርድ ነው። በ1980ዎቹ የአዲሱ ቴሌቪዥን መለኪያ ሲታሰብ ከርንስ ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የታወቁትን የፊልም ቅርጾች፣ ከጠባቡ እስከ ሰፊው፣ የያዙትን የቦታ መጠን እኩል አድርጎ ሣላቸውና መሀል ለመሀል ደራረባቸው። ሁሉንም የሚያቅፈው የውጭ ክፈፍና ሁሉም የሚጋሩት የውስጥ ክፈፍ አንድ ዓይነት ምጣኔ ሆነው ተገኙ፤ 1.78 ገደማ። አራት ሦስተኛን በራሱ ብታባዛው ያንኑ አሥራ ስድስት ዘጠነኛ ታገኛለህ። ሽምግልና እንደምናውቀው ነው፤ ሁለቱንም ወገን ትንሽ ትንሽ አስከፍቶ ያስታርቃል። ለድሮው ካሴት ጎኑ ይጠቁራል፣ ለሲኒማስኮፑ ከላይና ከታች ይጠቁራል፣ ማንም አሸንፎ አይወጣም።

ሰፊ መሆን ምን ይጨምራል ታዲያ? ለዚህ ወደ ዳሱ ልመለስ።

በዚያ ሰርግ መብራት ያዡ እኔ ነበርኩ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፤ እንጨት ላይ የታሰረ የሚያቃጥል አምፖል ከፍ አድርጌ፣ ገመዱ ከኋላዬ እየተጎተተ፣ ካሜራማኑ በሄደበት እሄዳለሁ። አባቴ ክርስቲያን ነው፣ እናቴ የሙስሊም ልጅ ናት፤ ለወሎ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም። እርዱ ሁለት፣ ወጡ ሁለት፣ ዳሱ አንድ። ምርቃቱ ሲደርስ የአባቴ ወገን በግራ፣ የእናቴ ወገን በቀኝ ተቀምጧል፣ አያ መሀል ቆመዋል። «ውለዱ፣ ክበዱ» ይላሉ አያ። ካሜራው አያን ይዟል። ካሜራማኑ ወደ ግራ ይዞራል፦ «አሜን»። ወደ ቀኝ ይዞራል፦ «አሚን»። አንድ ትከሻ፣ ስድስት ኪሎ የሚመስል ካሜራ፤ ዞሮ እስኪደርስ ቃሉ አልቋል። ካሴቱን ስታየው የቀኙ ወገን ሁልጊዜ አፉን እየገጠመ ነው የሚገኘው። ሃያ ጊዜ ተመርቆ ሃያ ጊዜ ዘግይተንበታል።

ሰውየው አልሰነፈም። ያ ክፈፍ ወይ ቁመት ወይ ብዛት ነበር የሚሰጠው። ራቅ ብሎ ሁለቱንም ወገን ቢያስገባ አያ የጣት ያህል ይሆናሉ፣ ፊታቸው አይለይም። ስለዚህ ረጅሙን ሰው ከነጥምጣሙ ያዘና ቀሪውን በመዞር ጨረሰው። ጠባብ ክፈፍ «ከዚያ» እያለ ነው የሚተርከው፤ መረቁ፣ ከዚያ እነዚህ አሜን አሉ፣ ከዚያ እነዚያ አሚን አሉ። ዳሱ ውስጥ ለነበርነው ግን «ከዚያ» የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለቱ ቃሎች ባንድ ትንፋሽ ነው የወጡት፤ የምርቃቱም ጣዕሙ እሱ ነው። ዛሬ በሰፊው ክፈፍ ስቀርጽ መራቂውንና ተመራቂውን፣ አሜን ባዩንም ሁሉ ባንድ ምስል አስገብቼ እጄን ከካሜራው ላይ አነሣለሁ። ማንን እንደምታይ አልመርጥልህም። ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት እያለቀሰች ከሆነ አንተው ታገኛታለህ። ለኔ የሰፊ ስክሪን ትርጉሙ ይህ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሰዎች ጎን ለጎን እንዲቆዩ መተው።

ግን ደግሞ ላሊበላ አለ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ለአንድ ሥራ ላሊበላ ሄጄ ቤተ ጊዮርጊስን በአሥራ ስድስት በዘጠኝ ልይዝ ስታገል ዋልኩ። ከአፋፉ ላይ ቆመህ ቁልቁል ስታየው ጣሪያው አራት ክንዱ እኩል የሆነ መስቀል ነው፤ ካሬ ነው የሚፈልገው። ሰፊው ክፈፍ ግራና ቀኙን በቀይ ድንጋይ ይሞላልሃል እንጂ አንድ ነገር አይጨምርም። ወደ ጉድጓዱ ወርደህ ደግሞ ቀና ስትል አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ቁመት ተገትሮብሃል፤ መሠረቱን ስትይዝ ጣሪያው ይሄዳል፣ ጣሪያውን ስትይዝ መሠረቱ። ጀርባህ የጉድጓዱ ግድግዳ ነው፣ ማፈግፈግ የለም። የሩሲያው ፊልም ሠሪ አይዘንስታይን በ1930 ሆሊውድ ሄዶ፣ ሁሉም ስለ መስፋት በሚያወራበት ሰሞን፣ «ስክሪኑ ካሬ ይሁን» ብሎ ተከራክሯል፤ የቆመው ነገርም ተኝቶ ከሚሰፋው እኩል መብት አለው ባይ ነው። ማንም አልሰማውም። ቤተ ጊዮርጊስ ሥር አንገቴን ሰብሬ ቆሜ ግን እኔ ሰምቼዋለሁ።

ሐይቅ ዳር ስትወርድ ተቃራኒው ነው። ውሃው ራሱ ተንጣሎ ስክሪኑን ይሞላዋል፣ ምንም አትደክምም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርድ ደግሞ በየመታጠፊያው ቅርጽ መቀየር ያምርሃል፤ አንዱ መታጠፊያ ገደሉን በቁመቱ ያሳይሃል፣ ቀጣዩ ሜዳውን በወርዱ ይዘረጋልሃል። የወሎ መልክዓ ምድር ለአንድ ስክሪን አይመችም።

አሁን አንድ የሙያ ወቀሳ። ልጆቹ በየዘፈን ክሊፑና በየሰርጉ ቪዲዮ ላይ ከላይና ከታች ጥቁር ማጋደም ለምደዋል። «ሲኒማቲክ» ይሉታል። በአሥራ ስድስት በዘጠኝ ቀርጸው፣ ሲጨርሱ ጥቁሩን ይደርቡበታል። ያ ጥቁር በሲኒማው ፊልም ላይ ሲታይ ምንም ያልተቆረጠ መሆኑን የሚመሰክር ነበር፤ በነሱ እጅ ራሱ ቆራጭ ሆነ። በቅርቡ አንድ የሰርግ ቪዲዮ ላይ ሙሽራው ራሱን ያጣው በዚህ ነው፤ የከረባቱ ቋጠሮ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ልስቅ ብዬ ተውኩት። የመሳቅ መብት የለኝም።

ጎዳር የተባለው ዳይሬክተር በ1963 በሠራው ፊልም ውስጥ፣ ራሱን ሆኖ የሚታየው አሮጌው ዳይሬክተር ፍሪትዝ ላንግ ሲኒማስኮፕ ለእባብና ለቀብር እንጂ ለሰው የተሠራ አይደለም ይላል። ቀልዱ ራሱ በሰፊ ስክሪን በተቀረጸ ፊልም ውስጥ መነገሩ ነው። ቀልድነቱን ተረድቼ ስቄበት ነበር፤ የአያ ቀብር ትዝ ሲለኝ ግን ሳቁ ሌላ መልክ ያዘ። የዚያን ቀን ካሜራ አልያዝኩም፤ አይያዝምም። ለሶላተል ጀናዛ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ሲሰለፍ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ከግንቡ ጫፍ እስከ ባሕር ዛፉ ደረሰ። የአባቴ ወገን ከጎን፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በዝምታ ቆመ። ከዚያ ሁሉ ሰው ማንን ታስወጣለህ? ካሜራማን ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ በዓይኔ የለካሁት ሰፊ ምስል እሱ ነው፤ ከሁለት ነጥብ ሦስት አምስትም የሚሰፋ። ላንግ ስለ ቀብሩ እውነቱን ነው። «ለሰው አይደለም» ያለውን ግን አልቀበለውም፤ ቀብር ላይ ካለው በላይ ሰው የት ይገኛል?

እህቴ ዛሬ ጅዳ ናት። ደሴ ላይ ሰርግ ሲኖር አንዱ ዘመድ ስልኩን አቁሞ በኢሞ ያሳያታል። አቁሞ ነው፤ ማንም ስልኩን አያጋድምም። እኔ በዚህ ስናደድ ኖሬያለሁ፤ አጋድሙት እያልኩ የሰው ሰርግ ላይ የጮኽኩበት ጊዜ አለ። አንድ ቀን ግን አሰብኩት። የቆመ ስልክ አያን ከእግር እስከ ጥምጣም፣ ከበላዩም አየር ትቶ፣ አብቃቅቶ ይይዛቸው ነበር። አሜን ባይ አንድም ሰው አይገባም እንጂ።

ፋይሉን በማግስቱ እንደገና ሠራሁት። ሳልቆርጥ፣ ሳልለጥጥ። እንደፈራሁትም ሆነ፤ ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤታችን ገና ሲቀመጡ «ይሄ ነገር ዳርና ዳሩ ተቃጥሏል እንዴ?» አሉ። እናቴ «አብሽሩ፣ እሱ እንዲህ ነው የሚሠራው» ብላ አለፈችው፤ እኔ ስላስረዳኋት አይመስለኝም፣ አያ ከነጥምጣማቸው ስለተመለሱላት ነው። ጥቁሩ ግን እሷንም ከንክኗታል። በሳምንቱ ስመጣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ቀጫጭን ዳንቴል፣ በግራና በቀኝ፣ ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥለዋል። በሜትር አልለካችውም፤ ሰርጉን ከፍታ ጥቁሩን በእጇ ጋትታ፣ አንድ ጋት ተኩል ሆኖ አግኝታ ነው የሠራችው። እኔ በኋላ ሳሰላው 95 ሴንቲሜትር ወርድ ባለው ስክሪን ላይ በየጎኑ የሚጠቁረው 12 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ልክ ናት።

ዜና ስታይ ዳንቴሉን ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ሰርጉን ስትከፍት ታወርደዋለች፣ ትቀመጣለች። አያ «ውለዱ፣ ክበዱ» ይላሉ። ካሜራው ወደ ግራ ይዞራል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ይመጣል፤ እሱ ሳይደርስ እናቴ «አሚን» ብላለች።